የሻምበሉ ዘይት

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ሱቄ ሽጉጥ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት የቆመ ሰዓትና ክር የሚበጥስ የስፌት መኪና ብቻ ሲገባበት የኖረ በር ነው። ይዘው የመጡት የሟቹ ሻምበል ባለቤት ናቸው፤ ከላይኛው መንገድ፣ አረንጓዴ በር ካለው ቤት። ሽጉጡን በፎጣ፣ ፎጣውን በፌስታል ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ዣንጥላቸውን እያራገፉ፣

"አይደንግጡ፣ ጥይት የለውም" አሉ።

"አልደነገጥኩም" አልኩ። ደንግጬ ነበር።

ከፈቃድ ክፍል የተጻፈ ወረቀት አሳዩኝ። ፈቃዱ በሻምበሉ ስም ስለነበረ ከእሳቸው ጋር ሞቷል። ሽጉጡ እስከ ነሐሴ 30 ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ እስከዚያ በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ኃላፊነት ይጸዳል። ወደ እኔ የላካቸው የክፍሉ ሹም ነው። ወጣት ሳለሁ ስድስት ዓመት የመሣሪያ ጥገና ክፍል እንደሠራሁ እስካሁን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ገረመኝ።

"ተሰብሮ አይደለም፣ ተጣብቆ ነው። እሱ ከታመመ ወዲህ የነካው የለም" አሉ። "እንዲህ ሆኖ ከቤቴ እንዲወጣ አልፈልግም። ሰው እንኳ የሚሸኘው ታጥቦ ነው።"

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ገበያ ስለሚወርዱ፣ በዚያው ብቅ እያሉ ሊያዩት ተስማማን። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ፈታሁት። በዕድሜ ይበልጠኛል። የሠራው ሰው ግን ለነገ አስቦ የሠራው ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ አልተላወሰም። ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት ንቅንቅ አይልም ነበር። የያዘው ዝገት አይደለም፣ ዘይት ነው። ሻምበሉ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሳሉ ዘይቱ እዚያው ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ሞላው ደህና ነው። ምላጩ ደህና ነው። የእጀታውን ሁለት የእንጨት ቁራጮች ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳቸው፤ እንጨትና ነጭ ጋዝ አይዋደዱም።

የድሮው አለቃዬ "ለብረት ዘይት እንደ ምክር ነው፣ ሲበዛ ያጣብቃል" ይል ነበር። ሻምበሉ ምክር አብዝተዋል።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው። ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቷል፣ ጊዜ አለኝ።

ሽጉጡን፣ ገና ያለ እጀታው፣ በአዲስ የመሣሪያ ዘይት አሰናድቼ ጠበቅኳቸው። ስስ ዘይት አፈሙዙ ውስጥ፣ የሚንሸራተተው ላይ ጥቂት ግራሶ፣ ሞላው ላይ አንድ ጠብታ። ሲሳብ ድምፁ እንደ አዲስ መቀስ ነበር። ኮርቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን አልሳቡትም። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ፊታቸው ጠወለገ።

"አይደለም" አሉ።

"ምኑ ነው ያልሆነው?"

ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ መለሱት። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩት። ሻምበሉ እሑድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ሽጉጡን ይፈቱ ነበር። ለሠላሳ አንድ ዓመት። "ገና ሳላነበው ያነጥፈዋል፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ አይሰማም።" ሲጨርሱ ቤቱ እስከ ሰኞ ጠዋት ዘይቱን ዘይቱን ይላል። ሻምበሉ ሲሞቱ ልጃቸው ቤት ልታጸዳ መጣች፤ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ጠርሙስ ቅባት ነው ብላ ጣለችው።

"ልብሱ እሱን እሱን አይልም። ትራሱ መድኃኒት ነው የሚሸተው። የቀረኝ ይኼ ነበር" አሉ። "ሽጉጡን መውሰዳቸውን ይውሰዱት። ብቻ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ እንደ ድሮው ቢሸተኝ ብዬ ነው። ሞኝነት ነው አይደል?"

"ኧረ በጭራሽ" አልኩ።

"ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ ግን አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት!"

አገኝልዎታለሁ አልኳቸው። ምን ቆርጦኝ? ሰዓት ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሽቶ ቀማሚ አይደለሁም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከአሮጌ ላሜራ ስምንት ቁራጭ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ፣ በየአንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ዘይት ቀብቼ መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። የመኪና ሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ ብርድ ሲመጣ ይሰንፋል፣ ጋራዥ ጋራዥ ይላል። ግራሶ ብቻውን አቧራ ሰብሳቢ ነው። የሰዓት ዘይት ለሽጉጥ ማባከን ነው፤ ደግሞ ምንም አይሸትም። ቫዝሊን ለውጭው ይሆናል፣ ለውስጥ አይሆንም። የምግብ ዘይት የሚቀባ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሽጉጡን ለዝንብ ነው የሚያሰናዳው። የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፣ ስስ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ግን ቶሎ ይተናል። በዚህ ዝናብ በየሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል።

በየሳምንቱ መድገም ጉዳት የለውም።

እህቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ላሜራዎቹን አየች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔን ማሳደግ አላቆመችም።

"ይኼ ሁሉ ለአንድ ሽጉጥ?"

"ዘይት መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ እትዬ።"

"እሱስ አይደለም" አለች። አነጋገሯ አላማረኝም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

መጡ። ስምንቱንም አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ በአንድ። የስፌት መኪናው ዘይት ላይ ቆሙ።

"ይኼ አለበት" አሉ። "ግን ብቻውን አይደለም። አንድ ነገር ይጎድለዋል።"

"ጣፋጭ ነው? መራራ?"

"ደረቅ ነው። እንዴት ልበልዎት... ፀሐይ የመታው ነገር።"

ፀሐይ የመታው ነገር። በሰኔ ዝናብ!

ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሲወጡ አይቷቸው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። "ደንበኛህ ደህና ናት? ሰዓቷ አሁንም ወደ ኋላ ይቀራል?" አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ከመድኃኒት ቤት የቅርንፉድ ዘይት አምጥቼ በስፌት መኪናው ዘይት ላይ ሦስት ጠብታ ጨመርኩ። የድሮ ወታደሮች ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ ብረቱንም ሽታውንም ያሳምራል ይባላል። አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉት ሳቁ። እስከዛሬ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

"የጥርስ ሐኪም ጋ የገባሁ መሰለኝ! መንጋጋዬን ያዝ ሊያደርገኝ ነው!"

እኔም ሳቅኩ። ሻይ አስመጣሁ። እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጡ። ገበያ መሄዱን ረሱት።

አልሆነም። ዛሬም አልሆነም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አፈርኩ። የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ሽታ ልሞክርበት ብዬ ዘይቱን አጥቤው ነበር። አጥቤ ሳልቀባው ሦስት ቀን አደረ። ዛሬ ሳየው ጎኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዝገት። በዚህ እርጥበት ራቁቱን ብረት ትቶ የሚሄድ ሰው! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አያደርገውም። ሽታ ሽታ ስል ብረቱን ረሳሁት።

በዘይትና በጨርቅ ብቻ፣ ሳልፍቅ፣ ግማሽ ቀን አሸሁት። ወጣ። ቀለሙ ግን ትንሽ ሳስቷል። እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

አልመጣችም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ትናንት "አልመጣችም" ብዬ ጽፌያለሁ። አልመጡም ለማለት ነው። የብዕር ስህተት ነው።

ጉንፋን ይዟቸዋል አሉ። የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው፤ እኔ አልጠየቅኩትም፤ ሲያወራ ሰምቼ ነው። ብርቱካን ገዝቼ እስከ አረንጓዴው በር ወጣሁ። የደወሉን ቁልፍ አየሁት። ምን ብዬ ልግባ? ሽጉጡን ብዬ? ሽጉጡ አልታመመ። ተመለስኩ። ብርቱካኑን ለእህቴ ሰጠኋት።

"ለእኔ ነው?" አለችኝ።

"ለማን ሊሆን ነው?"

"እስቲ እግዜር ይወቀው" ብላ ልጣ በላች።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

መጣች። ከስታለች። ይቅርታ፣ ከስተዋል።

ስለ ዝገቱ ነገርኳቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩና፣ "እኔንም ሦስት ቀን ቢተዉኝ ይኸው ነው የምሆነው" አሉ።

ከዚያ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ልጃቸው ወደ እሷ ዘንድ ልትወስዳቸው ነው። ሩቅ ነው፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን። "እሺ ብያታለሁ። ሽጉጡን ካስረከብኩ በኋላ። እሱ ከቤት ሲወጣ እኔም እወጣለሁ።"

"ጥሩ ነው" አልኩ። "ከልጅ ጋር መሆን ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው" አሉ።

ሁለታችንም ላሜራዎቹን ስናይ ቆየን።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሽጉጡን ልገጣጥም ብዬ ከመሳቢያው እጀታዎቹን አወጣሁ። ጨርቁን ስፈታ ቀዝቃዛ ነበሩ። የብሎኑን ቀዳዳ ላጸዳ አንዱን በመዳፌ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ሲሞቅ ሸተተ።

ደረቅ። ፀሐይ የመታው ነገር።

የተልባ ዘይት ነው። ሻምበሉ ብረቱን በስፌት መኪና ዘይት፣ እንጨቱን በተልባ ዘይት ነበር የሚያሹት። ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው፤ እንጨት የብረት ዘይት ከጠጣ ይበሰብሳል፤ የተልባ ዘይት ግን እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ያጠነክረዋል። የተልባ ዘይት በቀረበት እጃቸው ብረቱን ነክተዋል መሰለኝ፤ ያ ሁሉ ሙጫ ከዚያ ነው የመጣው። አምስት ሳምንት ብረት ሳሸት የኖርኩት ሽታው እንጨቱ ውስጥ ተቀምጦ!

ከአናጢው ጥቂት የተልባ ዘይት ለመንኩ። እጀታውን በጣቴ አሸሁት። በሌላኛው እጄ የስፌት መኪናውን ዘይት ብረቱ ላይ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ አምጥቼ አሸተትኩ።

አይቻቸው የማላውቅ ሰውዬ ሱቄ ውስጥ የተቀመጡ መሰለኝ። እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

አልነገርኳትም።

የተልባ ዘይት ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ይኼ የታወቀ ነው። ያልደረቀ እጀታ ለሰው አይሰጥም። ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። አዲስ የሞተር ዘይት ሰጠኋት፤ አሸተተች፤ "አይደለም" አለች። "እናገኘዋለን" አልኳት።

"አንዳንዴ" አለች፣ "ባይገኝም ምንም አይል ይለኛል። መፈለጉ ራሱ..." አልጨረሰችውም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ደርቋል። ሁለት ጊዜ ቀብቼው ሁለቴም ደርቋል። ገጣጥሜ፣ በፎጣዋ ጠቅልዬ፣ መሳቢያው ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ዛሬም ሌላ ላሜራ ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ስታሸት አየኋት። እስከ 30 ድረስ አራት ሐሙስ አለ። በመጨረሻው ሐሙስ እሰጣታለሁ። ምን ልዩነት አለው? አንድ ጊዜ ነው ያለችው፤ አንድ ጊዜው መቼም ቢሆን አንድ ጊዜ ነው።

ሻይ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች።

ስትሄድ እህቴ በሩ ላይ አገኘቻት። ተሳሳሙ። ገብታ ምሳውን አስቀመጠችና፣

"አንተ ልጅ፣ ያቺን ሴት ምን እያደረግካት ነው?" አለችኝ።

"ምን አደረግኳት?"

"እንጃ። ፊትህ ግን ጠርሙስ እንደሰበረ ልጅ ፊት ነው።"

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ወሰዱት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሁለት ሆነው መጡ። አዲስ ትእዛዝ፤ ገቢ የሚሆነው ሁሉ ከ10 በፊት ይሰብሰብ። ወረቀት። ፊርማ። ቀኑ ገና ነው አልኩ። ቀኑ ተቀይሯል አሉኝ። አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ፣ ባለቤቲቱን ልጥራ አልኩ። መኪናው ቆሞ ነው፣ ሌላ ስድስት ቦታ አለን አሉ። በፎጣዋ እንደተጠቀለለ ሰጠኋቸው። ፎጣውን መለሱልኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

መጣች። ወረቀቱን አሳየኋት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"አልተገኘም ነበር?" አለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር።

"አልተገኘም" አልኩ።

ፎጣዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ፣ "ምንም አይደል። እርስዎ የአቅምዎን ሞክረውልኛል። እንዲህ የደከመልኝ ሰው የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

አመሰገነችኝ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሥራ እምቢ ብሎኛል። የአንድ ሰው የግድግዳ ሰዓት ገጥሜ ስጨርስ አንድ ባለ ጥርስ ጎማ ተርፎኝ አገኘሁት። አፈረስኩት፣ እንደገና ገጠምኩት። የሌባ ዓይነ ደረቅ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ሰርቄ ምርቃት የተቀበልኩ ነኝ።

ምን ሰረቅክ ቢሉኝ? ሽታ። ሁለት ሐሙስ። ከሬሳ ላይ እንደመስረቅ ነው።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሄድኩ። ደወሉን ደወልኩ። በሩን ስትከፍት እጇ ላይ ጋዜጣ ነበር፣ ዕቃ እየጠቀለለችበት። ይግቡ አለችኝ፤ እዚሁ ይሻለኛል አልኩ።

"አግኝቼው ነበር" አልኩ። "ዘይቱን። የተልባ ዘይት ነው፣ እንጨቱ ላይ። ሽጉጡ ሲወሰድ ተዘጋጅቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።"

አልገባትም መጀመሪያ። ከዚያ ገባት።

"መቼ ነው ያገኙት?"

"ሐምሌ 20።"

በጣቷ ቆጠረች። "ሁለት ሐሙስ" አለች። "ሁለት ሐሙስ ዓይኔን ጨፍኜ እዚያ ስቀመጥ ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን?"

ሁሉንም ነገር አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ይኼን ብቻ አላሰብኩም። "ካገኙት በኋላ አይመጡም ብዬ" አልኩ።

አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ይሂዱ" አለች፣ በቀስታ። በሩንም በቀስታ ዘጋችው፤ ቁልፉ ሲዞር እንኳ አልተሰማኝም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ፈቃድ ክፍል ሄድኩ። ሹሙ ሲሰማኝ እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ እያጋጨ ነበር።

"እስቲ ይድገሙልኝ። አንዲት ሴትዮ ሽጉጥ ልታሸት?"

"አዎ።"

"ስንት ዓመት ሠራሁ እዚህ! እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልመጣልኝም።"

ይዞኝ ወደ መጋዘኑ ገባ። የተሰበሰቡት ሠላሳ አንድ መሣሪያዎች ወለል ላይ ተደርድረዋል። ከመታሸጋቸው በፊት መቀባት አለባቸው፤ የሚቀባ ሰው ግን የለም። መጋዘን ጠባቂው አንዱን ጥቁር ግራሶ ውስጥ ሊነክር ይዞታል፣ ከነእንጨቱ።

"ኧረ ተው!" አልኩት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። "እንጨቱን ትገድለዋለህ!" ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሬ፣ "ሠላሳ አንዱንም እኔ እቀባላችኋለሁ፣ እንደ ደንቡ። አንዱን ግን እሷ ባለችበት" አልኩ።

ሹሙ መጋዘን ጠባቂውን አየ፣ እኔን አየ። "ግማሽ ሰዓት" አለ። "የሚቀጥለው ማክሰኞ። ማንም ሳያይ።"

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ሐሙስ ነው።

እንዴት ልንገራት? ብጽፍ ትቀደዋለች፤ ብሄድ አትከፍትም። ለእህቴ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ከብርቱካኑ ጀምሮ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

"እኔ እሄዳለሁ። አንተ ከሄድክ በር ላይ ፈዘህ ትቀራለህ።"

ሁለት ሰዓት ቆይታ ተመለሰች። ምን አልሽ፣ ምን አለች ብላት፣ "የሴት ወሬ ነው" አለችኝ። "ማክሰኞ ትመጣለች። ለአንተ ብላ እንዳይመስልህ።"

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ሠላሳው አለቀ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ብረቱን በስስ ዘይት፣ ውጭውን በቫዝሊን፣ እንጨት ያለውን በተልባ ዘይት። ወገቤ ተቆርጧል። ጠባቂው አሁን "መምህር" ይለኛል። አንዱን አልነካሁትም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ክፍሉ ጠባብ ነው። የብረት መደርደሪያ፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ። መጋዘን ጠባቂው ሁለተኛ ወንበር ከጎረቤት ቢሮ አምጥቶ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ወጣ።

ገባች። እንደምን አደሩ አለችኝ፣ እንደ ማንም ሰው። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

ጋዜጣ አነጠፍኩ። ሽጉጡን ፈታሁት፤ ጋዜጣው ላይ በቅደም ተከተል ደረደርኩት፤ የላይኛው ብረት፣ አፈሙዝ፣ ሞላ፣ ሁለቱ እጀታዎች።  የስፌት መኪናውን ዘይት ጨርቅ ላይ አድርጌ ብረቱን ማሸት ጀመርኩ። ከዚያ የተልባውን ዘይት ጣቴ ላይ አድርጌ እጀታውን፣ እንጨቱ እስኪሞቅ ድረስ፣ ክብ ክብ እያደረግኩ።

ቀስ ብሎ ክፍሉ ሞላ። ዓይኗን ጨፈነች። ቦርሳውን የያዙት እጆቿ ላሉ። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር፣ ወደ ውስጥ፣ ሰው ውኃ እንደሚጠጣ። ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት፣ ትንሽ ቆጣ ብላ፣

"ዛሬም ሳላነበው አነጠፍከው" አለች።

እጄ ቆመ። ከዚያ መቆም እንደሌለበት ገባኝ። ማሸቱን ቀጠልኩ። መልስ አልሰጠሁም፤ እሳቸውም አይሰሙም ነበር ብላኛለች። ፊቷ ላይ እንባው ይወርዳል፤ አፏ ግን ፈገግ ብሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጋቡ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር፣ እንግዳ ሆኜ፣ በባለቤቱ ወንበር ላይ። እንዲህ ስትሆን ለማየት ስንት ሐሙስ ጠብቄ ነበር። አሁን አየሁት። ለእኔ አልነበረም።

ጠባቂው በሩን ነካ ሲያደርግ ዓይኗን ከፈተች። እጆቼን አየች፣ ከዚያ ፊቴን።

"እርስዎ ነዎት" አለች።

"እኔ ነኝ።"

አላዘነችም። ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ፊቷን ጠረገች። ሽጉጡን ገጣጠምኩት። አንዴ ወደ ኋላ ሳበችው፣ ለቀቀችው፣ ለጠባቂው በሁለት እጇ ሰጠችው።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ፣ "ይቅር ብያለሁ ለማለት ገና ነው" አለችኝ። "ግን ዛሬን አልረሳውም።"

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ነገ ትሄዳለች። እህቴ ናት የነገረችኝ፤ ሰዓቱን ጭምር፣ ሳልጠይቃት። "አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስተኛው መቆሚያ" አለችና ሸሚዜን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላው ሄደች።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ተመልሼ መጣሁ። ሱቁ ዝግ ነው፤ ግን ወደ ቤት መሄድ አልፈለግኩም፣ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ልጇ ሻንጣ ስታስጭን ነበር። እሷ ከአውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ስታየኝ መስኮቱን ገፋ አደረገችው፤ ግማሹ ብቻ ተከፈተ። ከታች ቆሜ ነው የማወራት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ልጅ። ያሰብኩትን ንግግር ሁሉ የአውቶቡሱ ሞተር በላው።

"ዘይቱን የደበቅኩት ክፉ ሆኜ አይደለም" አልኩ።

"አውቃለሁ። እህትዎ ነግራኛለች።"

"እሷ ምን ታውቃለች? እኔ ልንገርዎት። እወድዎታለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ይኼን ለመናገር አውቶቡስ እስኪነሳ መጠበቄ ያሳፍራል፤ ግን ይኸው ተናገርኩት።"

ከኋላዋ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ይየኝ።

 ጣቶቿን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ሾፌሩ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

"ቤቴ ውስጥ ገና ሰው አለ" አለች። "መቼ እንደሚወጣ አላውቅም። ላይወጣም ይችላል። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ በር ላይ ቆመህ አትጠብቅ፣ ብርድ ይመታሃል።"

አንተ አለችኝ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ እኔን እያየች።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ አብሬው ሄድኩ። መስኮቱን ልትዘጋ ስትገፋው አየኋት፣ ጠንክሮባት ሁለቴ ገፋችው።

"አይበርደኝም" አልኳት።

መስኮቱ ተዘግቶ ነበር።